የደንገጎ ዳገትና የወልደጻድቅ ጆሮ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ቢታሰር ምን ያህል ጥቅል ይወጣዋል? የወልደጻድቅን ለማሰር የሞከረ ሰው አንድ ነገር እየሾለከ ያስቸግረዋል፤ እሱም መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው። ለአንዲት አሮጌ ፒካፕ ሱፐር ቤንዚን ያስፈልጋታል ወይስ አያስፈልጋትም?

ወልደጻድቅ በድሬ ዳዋ ምድር ባቡር ጋራዥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ብረት ቀጥቅጧል። መዶሻው ከጆሮው ላይ ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ እየለቀመ ወሰደበት። የወፍ ጩኸት፣ የስልክ ደወል፣ የልጁ የየሺመቤት ፉጨት አንድ በአንድ ጠፉ፤ ወፍራም ወፍራሙ ብቻ ቀረው። ከባቡሩ ሲሰናበት ከዚራ በሚባለው ሰፈር ያለ ማደያ ቤንዚን ቀጂ ሆኖ ገባ። ከጋራዡ ይዞት የወጣው አንድ አመል ነበር፦ ያልሞከረውን ነገር «ይሆናል» ብሎ አያልፍም።

ፓምፑን ይወደው ነበር። የከተማው መኪና ሁሉ ጉዱን ይዞ እፊቱ ይቆማል፤ እሱም ይጠይቃል። የማደያው ኃላፊ አቶ ነጋ ግን ይህ አልጣማቸውም። «የጠየቀህን ቅዳ። ይኼ ይሻልሃል፣ ያ አያስፈልግህም ስትል ዳግመኛ ብሰማ ጓሮ በርሜል መጠበቅ ነው የምትገባው» ብለውታል።

በ1958 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የዚነት ፒካፕ መጣች። ዚነት ከመጋላ ገበያ በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረር ጨው የምትልክ ነጋዴ ናት፤ ሹፌሯ ዋርፋ ይባላል።

«ሱፐር ሙላት፣ ወልዴ» አለ ዋርፋ።

«ለምን?»

«ለምን ይለኛል፣ አቦ። ተራውን ከቀዳህላት ደንገጎ ዳገት ላይ ሞተሩ ጠጠር እንደገባበት ጣሳ ያንኳኳል። ሱፐር ስትጠጣ ዳገቱን የምትወጣ ፍየል ናት።»

«ኩባንያው የላከው ወረቀት እኮ ሱፐር የሚያስፈልገው ነዳጁን አጥብቀው ለሚጨምቁት ለአዳዲሶቹ ሞተሮች ነው ይላል። ይቺ አሮጌ ናት።»

«ወረቀቱ ደንገጎን ወጥቶ ያውቃል?»

ዋርፋ ለቀልድ ነበር ያለው። ወልደጻድቅ ግን የቤንዚኑን ጎማ በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እውነትም ወረቀቱ ደንገጎን አልወጣም። ያንን ሙቀት፣ ያንን ጠመዝማዛ፣ ዐሥር ጆንያ ጨው የጫነችን መኪና ወረቀቱን የጻፈው ሰው አላያቸውም።

ዚነት ከጋቢናው ብቅ አለች። «ወላሂ ሁለታችሁንም ፀሐይ መቷችኋል። ያንኳኳል ወይስ አያንኳኳም? እኔ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሞተሩ ከተበላ ጨዌን በግመል ልጭን ነው?»

«እንሞክረዋ» አለ ወልደጻድቅ።

ሱፐሩ ቀላ፣ ተራው ነጣ ያለ ስለሆነ ዋርፋ ማየት አልነበረበትም። ከመንገዱ ማዶ ካለው ከወርሳሜ ሻይ ቤት ጀርባውን ሰጥቶ እንዲቀመጥ ተደረገ። ወልደጻድቅ ከመኪናዋ ሳልባትዮ፣ ከነዳጅ ማጠራቀሚያዋ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን በጎማ ስቦ አወጣና የመረጠውን ቀዳ፤ በማግስቱ ደግሞ ሌላውን እንዲሁ ሊቀዳ። የትኛው እንደሆነ ከሱ በቀር ያወቀ የለም። አቶ ነጋ ቢሰሙ ምን እንደሚመጣ ያውቃል፤ ሆኖም የማወቅ ጉጉት እንደ ረኃብ የሚሞረሙራቸው ሰዎች አሉ፣ ማስፈራሪያ አያጠግባቸውም።

ሰኞ ማለዳ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ዋርፋ ዐሥር ጆንያ ጭኖ ወጣ። ሲመለስ ፊቱ በርቷል።

«ሱፐር ነው የሰጠኸኝ። በሦስተኛ ማርሽ ዘፈን እየዘፈንኩ ወጣሁ።»

ማክሰኞ ጨው የተጫነበት የባቡር ፉርጎ ዘገየ፤ ዋርፋ የተነሣው እኩለ ቀን ላይ፣ አስፋልቱ ጫማ በሚይዝበት ሰዓት ነበር። ሲመለስ ሰላምታም አልሰጠም።

«መርዝ ነው ያጠጣሃት። ከታች እስከ ላይ አንኳኳ። ተራ ነው፣ እግሬ ያውቀዋል።»

ወልደጻድቅ እውነቱን ነገረው። ሰኞ ተራ፣ ማክሰኞ ሱፐር።

ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ባለ ሻይ ቤቱ ወርሳሜ ብርጭቆ አስቀምጦ፣ «የዋርፋ እግር ጫማ ይቀየርለት፣ ሰምታችኋል?» አለ። ዋርፋ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

ያልሳቀ ወልደጻድቅ ብቻ ነበር። «ቆዩ እንጂ» አለ። «አንዱ ጉዞ ማለዳ፣ ሌላው ቀትር ነበር። ያንኳኳው ከሙቀቱ ይሆናል። በዚያ ሙቀት ተራው ከዚህ የባሰ ያንኳኳም ይሆናል። እኛ ገና ምንም አላወቅንም።» ማንም አላዳመጠውም። ሰዎቹ የሚስቁበትን ነገር አግኝተዋል፤ የሳቀ ሰው ደግሞ ያወቀ ይመስለዋል።

በማግስቱ የጨው መኪኖች ሁሉ ተሰልፈው፣ «ተራውን፣ ወልዴ፣ የፍየሏን» ማለት ጀመሩ። ወልደጻድቅ በእያንዳንዱ መስኮት ጎንበስ እያለ፣ «እርግጠኛ አይደለሁም፣ የማክሰኞው ቀትር ነበር» ይላል። ከሰዓት በኋላ አቶ ነጋ መጡ። የፓምፑን ቁልፍ ከእጁ ተቀበሉና በጓሮው በኩል ወዳለው የዘይት መጋዘን በአገጫቸው አሳዩት።

መጋዘኑ ውስጥ የሚጠይቀው መኪና አልነበረም። ስለዚህ ያችኑ አንዷን ጥያቄ ሲያገላብጥ ከረመ። የሚቀረው አንድ ጉዞ ብቻ ነው፦ እኩለ ቀን፣ ዐሥር ጆንያ፣ ተራ ቤንዚን። እሱ ጋቢናው ውስጥ ይቀመጣል። ግን የሞተር ማንኳኳት ቀጭን ድምፅ ነው፤ አጠገቡ ቢያንኳኳ እንኳ የሱ ጆሮ አይሰማውም። ጤነኛ ጆሮ ያለው ሰው አብሮት መቀመጥ አለበት።

ዋርፋን ለመነው። ዋርፋ፣ «ሁለተኛ መሳቂያ አልሆንም፣ አቦ» አለው። ዚነትን ለመናት። እሷ ግን የሻይ ቤቱን ማሾፍ ሰምታ ፒካፗን ለጅጅጋ ሰው ሸጣ ነበር፤ «ከአንተ ቤንዚንና ከዋርፋ እግር መሀል መምረጥ ደከመኝ፣ ጋሼ» አለችው። አቶ ነጋን ለመናቸው፤ እሳቸው የመጋዘኑን በር ዘግተውበት ሄዱ።

ከዓመታት በኋላ፣ በታመመበት ሰሞን፣ የሺመቤትን አልጋው አጠገብ አስቀመጣት። ባሏ ፒካፕ ገዝቶ ነበር።

«ደንገጎ ድረስ ብቻ ውሰዱኝ» አላት። «ቀትር ላይ ይሁን። ተራውን አስቀዱ። አንቺ ከመሀል ትቀመጫለሽ፤ እኔ ዝም ብዬ መንገዱን አያለሁ። ሲያንኳኳ ጉልበቴን ንኪኝ።»

«ሲሻልህ፣ አባዬ» አለችው። አልተሻለውም።