ቡሬን የቆለፍኩባት ሰሞን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ሁዳዴ ነው። ለሰው ሳወራው «ለድመት ነው ይህ ሁሉ?» ብሎ ይስቃል። እኔ አልስቅም። እትዬ ሰዓዳን መንገድ ላይ ባየሁ ቁጥር ፊቴ እስከ ጆሮዬ ይግላል።

የምንኖረው ወረታ ነው፣ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ ብዙም ሳንርቅ። አባቴ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ያርሳል፤ ምርቱን ጓሮ ባለችው ክፍል እናስቀምጣለን። ሩዝ ባለበት አይጥ አይጠፋም፤ ስለዚህ ድመት አለን። ጥቁርና ነጭ ስለሆነች አባቴ እንደ ላም ቆጥሮ ቡሬ አላት። ያሳደግኋት ግን እኔ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት ስቀመጥ፣ ቀኑን ሙሉ አብራኝ የምትውለው እሷ ነበረች።

እትዬ ሰዓዳ ጎረቤታችን ናቸው። ቤታቸው ላይ ሱቅ ከፍተው ሸቀጥ ይሸጣሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው ያሉት። በእኛና በእሳቸው መካከል የቆርቆሮ አጥር አለ፤ ከሥሩ ቡሬ የምትሾልክበት ቀዳዳ አለ። ማንም ደፍኖት አያውቅም።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጠሙ። የእነ እትዬ ሰዓዳ ጾም ቀድሞ አለቀና ዒድ ሆነ፤ እኛ ገና ሽሮ ላይ ነን። ቡሬ ያቀረብኩላትን ፍትፍት ታሸትና ፊቷን አዙራ በቀዳዳው ትሾልካለች። እዚያ ሥጋ አለ፣ ወተት አለ። ከቀን ወደ ቀን ሆዷ ሲነፋ አያለሁ። አንዳንድ ቀን እዚያው ታድራለች።

ሰፈራችን ማዕዘን ላይ ያለው ልብስ ሰፊ ባየኝ ቁጥር፣ «ድመታችሁ ሰለመች አሉ» ይለኛል።

«አርፈህ ስፋ።»

«ምን አጠፋሁ? ለፋሲካ ትመለስልሻለች፣ አይዞሽ።»

የሰማ ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ይቃጠላል። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

በዚያው ሰሞን የሰፈራችን አንዲት ድመት መርዝ የበላ አይጥ በልታ ሞተች። አዘንኩ ማለት አልችልም። ምክንያት አገኘሁ። እናቴን «ከእንግዲህ ቡሬን ልዘጋባት ነው፣ መርዝ ትበላብኛለች» አልኳት።

እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ወንዛዬ ፍል ውሃ ልትሄድ ዕቃዋን እየቋጠረች ነበር። «የማትወጣ የማትገባ ድመት ምን ድመት ናት? ተያት፣ አንቺ ልጅ» አለችኝ።

«ትሙት ታዲያ?»

«ያንቺስ ነገር፤ መርዙ ነው ያሳሰበሽ?» አለችና ፈገግ ብላ ሄደች። አውቃብኛለች።

እሷ ከሄደች በኋላ አንድ ቀን ቡሬ በቀዳዳው ሾልካ መጣች። ሆዷ ሟሽሿል፣ ፀጉሯ ተንጨባርሯል። ያቀረብኩላትን ፍትፍት ጥርግ አድርጋ በላችና ወዲያው ልትመለስ ስትል አፈፍ አደረግኋት። «ምነው፣ ዛሬ ሥጋው አለቀባቸው?» አልኳት። ሩዙ ክፍል ከትቼ ቆለፍኩባት። ቀዳዳውንም በድንጋይ ደፈንኩት።

ጮኸች። በሩን ቧጠጠች። ሥጋ አምሯት ነው አልኩ።

በነጋታው ቦኖ ላይ ውሃ ተሰልፌ ሳለ እትዬ ሰዓዳ መጡ። ጀሪካን አልያዙም። በቀጥታ ወደ እኔ ነው የመጡት።

«ልጄ፣ ቡሬ እናንተ ዘንድ ናት? በይ ልቀቂያት፣ እኔ ጋ እኮ...»

አላስጨረስኳቸውም። «እርስዎ ጋ ምን? ድመት ካማረዎት የራስዎን ያሳድጉ።»

«ኧረ ስሚኝ፣ የኔ ልጅ...»

«ምኑን ነው የምሰማው? የሰው ድመት በሥጋ አባብሎ መውሰድ ሌብነት ነው። የድመት ሌባ ነሽ።»

ነሽ አልኳቸው። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ አንቱ ስላቸው የኖርኩትን ሴት፣ በሰፈሩ ሴቶች ፊት አንቺ አልኳቸው። ከሰልፉ አንዷ ሳቀች። እሷ ስትስቅ ሌሎቹም ሳቁ። እትዬ ሰዓዳ ሻሻቸውን ሳብ አድርገው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። በቆርቆሮው ስንጥቅ አየሁ፤ እሳቸው ናቸው። ስልኬ ላይ ዘፈን ከፈትኩና ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመርኩት። የሆነ ነገር እየተናገሩ ነበር። ምን እንደሆነ አልሰማሁም፤ መስማትም አልፈለግኩም። ቆመው ቆመው ተመለሱ።

እናቴ በማግሥቱ ከወንዛዬ ገባች። ሩዝ ልታወጣ ክፍሉን ከፍታ ቡሬን አየቻት። ብድግ አድርጋ ሆዷን ዳበሰች።

«አንቺ ልጅ፣ ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግሁ?»

«ጡቷ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ይቺ እኮ አራስ ናት። ልጆቿ የት አሉ?»

ያ ሆድ የእትዬ ሰዓዳ ሥጋና ወተት እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ። እጄ ላይ ያሳደግኋት ድመት ስታረግዝ አላየሁም። ዓይኔ የሚያየው የጎረቤት ቤት ምን እንደበላች ብቻ ነበር።

ቡሬ በርራ ወጥታ የደፈንኩትን ቀዳዳ ትቧጥጥ ጀመር። ድንጋዩን በእጄ ነቅዬ አሾለክኋት። እኔ በመንገድ ዞሬ ሮጥኩ።

እትዬ ሰዓዳ ከሱቃቸው ጀርባ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው የሳሙና ካርቶን አለ። ጥጥ ወተት ውስጥ እየነከሩ፣ ዓይኗን ላልገለጠች የድመት ግልገል ጠብ ጠብ ያደርጉላታል። ዓይናቸው ቀልቷል፤ እንቅልፍ ያገኙ አይመስሉም። ቡሬ ቀድማኝ ገብታ ካርቶኑ ውስጥ ዘላ ተኛች።

«መጣሽልኝ? እሰይ፣ እናት ዓለም» አሏት። እኔን ቀና ብለው አላዩኝም።

ካርቶኑ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ሁለት ናቸው። ሌላዋ ጎናቸው በጨርቅ ተጠቅልላለች። ከጨርቁ ጅራቷ ብቻ ይታያል፣ ቀጭን ነው።

አፌ ያን ጊዜም አላረፈም። «ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ።

እትዬ ሰዓዳ ጥጡን ጨመቁ። «ሁለት ጊዜ መጣሁ እኮ፣ ልጄ» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አመሻሹ ላይ ከእናቴ ጋር ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሱኝ። «ትቼዋለሁ፣ ልጅ ነሽ» አሉና ሻይ ቀዱልኝ። ሁለቱ ግልገሎች እዚያው አደጉ። ቡሬም እንደ ልቧ ትወጣለች፣ ትገባለች። ስትዘገይ መርዙ ትዝ እያለኝ ደጅ ወጥቼ እጣራለሁ፤ መቆለፍ ግን ቀርቷል።

እኔን አሁንም የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የሰደብኳቸው ቦኖ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። ይቅርታ የጠየቅኋቸው ግን ጓዳቸው ገብቼ ነው። ሴቶቹ ስድቡን ሰምተዋል፤ ይቅርታውን የሰማ የለም። ቦኖ ላይ እስከ ዛሬ «የድመት ሌባዋ» ይሏቸዋል። ለቀልድ ነው፤ ከእኔ አፍ የወሰዱት ቀልድ ነው።

በቀደም እትዬ ሰዓዳ ጀሪካን ይዘው ሲመጡ አንዷ «ድመት ያላችሁ ጠብቁ» አለች። ሳቁ። እሳቸውም ፈገግ አሉ፣ የለመዱት ይመስላሉ። እኔ ከሰልፉ ፊት ነበርኩ። «ሌባ አይደሉም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ለስድብ ሲሆን ማንም የማይቀድመው አፌ ተለጎመ። ጀሪካኔን ሞልቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።