ላሜራው ውስጥ የሳቀችው

ትናንት የልጅ ልጄ በማንኪያ ጀርባ ፊቷን እያየች ስትንከተከት ሰማኋትና ልቤ ሽው ብሎ አቃቂ ገባ። ፀሐይ የመታው ብረት ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ።

አባዬ ባቡር ጣቢያ ነበር የሚሠራው። ቤታችን ለሐዲዱ ቅርብ ስለነበር ባቡር ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው ሁሉ ይንጫጫል። እማዬ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ የፈላ ውሃ ግራ ጉንጯን ካቃጠላት ወዲህ ነጠላዋን ከፊቷ አታወርድም። ፎቶማ ጭራሽ! «ማንን ላስፈራራበት?» ትላለች። ቤት ውስጥ አንድም የእሷ ፎቶ አልነበረም። እኔ ደግሞ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው፤ የእናቴን ፊት ሳላስቀር አልቀርም ብዬ ማልኩ።

አባዬን ነዝንዤ ከጣቢያው የተጣለ ላሜራ አስመጣሁ። በመዶሻ ቀጥቅጬ የሰው ቁመት ያለው ሴት አደረግኩት፤ ደረቷ ያበጠ፣ ወገቧ የሰረጎደ። እጄ እስኪላጥ፣ እንደ መስታወት መልክ እስኪያሳይ በአመድና በሎሚ ፈተግኩት። ግቢያችን ውስጥ ሳቆመው ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ላሜራው ውስጥ የጎረቤታችን ጉንጭ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ፤ የአባዬ አንገት ተመዘዘ። ሳቁን ተወው!

ሳሪስ ካለው ፎቶ አንሺ ካሜራ ተውሻለሁ፤ ፊልሙ ሊያልቅ አንድ ፎቶ ብቻ ቀርቶታል። እማዬ ወጥታ አጠገቤ ቆመችና በነጠላዋ ጠርዝ አጮልቃ አየች።

«ውይ በሞትኩት! እዚህ ውስጥማ ማን ደህና አለ?»

ያኔ የከሰዓቱ ባቡር መጣ። ላሜራው ተንቀጠቀጠ፣ ፊታችን ሁሉ ተርገበገበ። ሳቋ አሸነፋትና ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። መልሳ አልሳበችውም። ጠቅ አደረግኩ።

«አነሳሽኝ አይደል?»

«ላሜራውን ነው ያነሳሁት።»

«ተንኮለኛ!» አለች፣ አሁንም እየሳቀች።

ፎቶ አንሺው የሰው ፊት ከመታተሙ በፊት ፊልሙ ላይ በእርሳስ የማሳመር ልማድ ነበረው። ፎቶውን ልቀበል ስሄድ እርሳሱን ቀርጾ ፊልሙ ላይ አጎንብሷል።

«ልጄ፣ ተጣሞብሻል። እኔ አቃናልሻለሁ፤ ጠባሳውንም አጠፋዋለሁ» አለኝ።

«ጋሼ፣ በእናትዎ፣ እርሳሱን ያስቀምጡ! እንዳለች ያትሙልኝ።» እስኪያትም ድረስ ከደጁ ንቅንቅ አላልኩም።

ከዓመታት በኋላ እማዬ ስታርፍ ድንኳኑ ውስጥ የሚቆም ፎቶ ተፈለገ። ያለችን ያቺው ናት። አክስቴ «በዚህ ይሳቃል እንጂ ይለቀሳል እንዴ?» ብላ ልትደብቃት ስትል ቀማኋትና ፊት ለፊት አቆምኳት። ለቀስተኛው አቀረቀረ። ከዚያ አንዲት የፋብሪካ ባልደረባዋ ቀረብ ብላ አየችና «እሷ ናት! ሳቋ እኮ ነው!» ብላ እዬዬዋን አስነካችው።

ዛሬ ባቡሩም የለ፤ ላሜራውንም ዝገት በላው። ፎቶዋ ግን ግድግዳዬ ላይ ናት፤ እማዬ ዛሬም ትናፍቀኛለች። ትናንት የልጅ ልጄ ማንኪያዋን ይዛ መጣችና፣

«ከጎኗ የቆመችው ማናት? ፊቷ አይታይም» አለችኝ።

እኔ ነኝ። ካሜራው ፊቴን ሸፍኖታል። የተገለጠችው እማዬ ናት።