ረቢው ያስቀበሩኝ ሣጥን

ታክሲ በምነዳበት ዘመን ነው። አንድ የኅዳር ማለዳ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ አንድ አዛውንት አሳፈርኩ። ረቢ ናቸው፤ የአይሁድ የሃይማኖት አባት። ትንሽ የእንጨት ሣጥን አቅፈዋል።

«ከኋላ ትራንክ ውስጥ ላስገባልዎት?»

«አይ፣ እኔው ልያዛት። ወደ አይሁድ መቃብር ውሰደኝ።»

የሕፃን ሬሳ ነው ብዬ አሰብኩ። ሬዲዮኑን አጠፋሁት።

መቃብሩ ዘንድ አንድም ሰው አልጠበቃቸውም። ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ አካፋው አፈሩ ላይ ተሰክቷል። ብቻቸውን ትቻቸው መሄድ አቃተኝና ሂሳብ የሚቆጥረውን ሜትር አጥፍቼ ወረድኩ። ሣጥኗን አብረን አወረድናት። ውርጭ ያደረቀው አፈር እንደ ድንጋይ እየተንኳኳ ሲወርድባት፣ የራሴ ልጅ የሞተ ያህል አለቀስኩ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኳቸው ስንጨርስ። «ዕድሜው ስንት ነበር?»

«አርባ ዓመት ሊሞላው ነበር።»

ግራ ገብቶኝ አየኋቸው።

«ጋዜጣዬ ነው» አሉኝ። «አዘጋጁም ጸሐፊውም እኔ ነበርኩ፤ ባለፈው ሳምንት ተዘጋ። የቀሩኝን ቅጂዎች ነው ያመጣሁት። የፈጣሪ ስም ያለበት ወረቀት በእኛ ዘንድ ይቀበራል እንጂ አይጣልም።»

«ታዲያ ከአንባቢዎችዎ አንድ እንኳ እንዴት አልመጣም?»

በአገጫቸው ወደ መቃብሮቹ ድንጋዮች ጠቆሙኝ።

«ሁሉም እዚሁ ናቸው።»