እትዬ አሰፋች እና ባለሥዕሉ ችካል

እትዬ አሰፋች የቀለም ቆርቆሮ የያዘ ሰው አይወዱም። በአሰላ ታችኛው ጫፍ፣ ከተማው አልቆ ጨፌው በሚጀምርበት፣ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ከዚያ ረግረግ ቄጠማ እያጨዱ ለበዓል ገበያ በመሸጥ ሦስት ልጆች አሳድገዋል። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ከጨፌው በላይ ቁራሽ የገብስ ማሳ ነበረቻቸው። አንድ ቀን የማያውቋቸው ሰዎች መጥተው ቀይ የተቀባ ችካል ተከሉባት፤ በዓመቱ ግንብ ታጠረባት። ከዚያ ወዲህ፣ «ችካል የበቀለበት መሬት ሌላ አያበቅልም» ይላሉ።

ባለፈው ሰኔ ለሊሴ የምትባል ወጣት ሠዓሊ አሥራ ሁለት የጽድ ችካል በጋሪ አስጭና መጣች። እትዬ አሰፋች ማጭዳቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ጠበቋት።

«ምን ልትሠሪ ነው፣ የኔ እመቤት?»

«ሥዕል ነው፣ እማማ። ጎብኚ የሚማርበት።»

«ምኑን?»

«ጨፌው የሚሠራውን። ከጣሪያውና ከአስፋልቱ የሚወርደው ጎርፍ ቄጠማው ውስጥ ያርፋል፤ ደለሉን ጥሎ ጠርቶ ይወጣል። እንደ ጠላ ማጥለያ በሉት።»

«እሱንማ አውቃለሁ።»

«ለማያውቀው ነዋ!»

«የማያውቀው ካወቀ በኋላስ ምን ያደርገዋል?»

ለሊሴ ሳቀች። ሳቋ ጥርጣሬያቸውን አባሰው።

እኔም ላስረዳቸው ሞከርኩ። በእኛ ጊዜ ረግረግ ማለት ትንኝ የሚፈለፈልበት፣ ደርቆ መታረስ ያለበት ከንቱ ስፍራ ነው ብለን ከጥቁር ሰሌዳ ገልብጠናል፤ የአስተማሪያችን የእጅ ጽሕፈት ማማሩ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። «ዛሬ ግን ትምህርቱ ተለውጧል» አልኳቸው።

«ከተለወጠማ ነገም ይለወጣላ!»



ችካሎቹ ጨፌውን ከበው ተተከሉ። በአንዱ ላይ ጋጋኖ የሚባለው ወፍ፣ በሌላው እንቁራሪት ተስሏል፤ የክረምቱ ውኃ የሚደርስበት ዳርቻ መሆኑን የሚያሳይ ሰማያዊ መስመርም ዞሮባቸዋል። እትዬ አሰፋች ግን ያዩት ሌላ ነው፤ በላይኛው በኩል ያለው ጥሩ ቄጠማ ከክቡ ውጭ ቀርቷል። «ውጭ የቀረው መሬት ነው የሚሸጠው» አሉ። ያ ከተሸጠ የሚያጭዱበት አይኖራቸውም።

ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ፣ ሰው ሁሉ ለገብርኤል ቅዳሴ ገብቶ ሳለ፣ እትዬ አሰፋች ዶማ ይዘው ወረዱ። አራቱን ችካሎች ነቅለው አርባ እርምጃ ያህል ወደ ውጭ አውጥተው ተከሏቸው። ማታ እጃቸው ቆስሎ አይቼ ብጠይቃቸው ነገሩኝ።

«ድንበር ገፋሁ። ንስሐ አባቴ ምን ይሉኝ ይሆን?»

«ወደ ራስዎ አልገፉት።»

«ለውኃው ነው የገፋሁለት» አሉ፤ ግን አልተጽናኑም። እኔም ፈራሁ። ከታወቀባቸው ዳግም ወደ ጨፌው እንዳይደርሱ ይከለከላሉ።

ነሐሴ ሲገባ ሁለት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ለሊሴ ቦቲዋን ተጫምታ፣ የጨፌው ንድፍ ያለበት ወረቀት ይዛ ብቅ አለች። እትዬ አሰፋች መጀመሪያ በራቸውን ዘጉ፤ ኋላ አላስችላቸው ብሎ ወጡ።

«እነዚህን አራቱን ማን ነቀላቸው?»

እኔ ጫማዬን አየሁ።

«እኔ ነኝ። ልታሳስሪኝ ነው?»

ለሊሴ በጣቷ አመለከተች። ውኃው ከተዛወሩት ችካሎች ሥር ደርሶ ቆሟል፤ የቀድሞዎቹ ጉድጓዶች ጉልበት በሚደርስ ውኃ ተውጠዋል።

«እዚህ እንደሚደርስ በምን አወቁ?»

«ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ቄጠማው እዚህ ነበራ።»

«እኔ በየካቲት ነው የለካሁት፤ ደረቅ ነበር» አለች፣ አፍራ። «የቀረውንም ያሳዩኝ፣ እማማ። ሥዕሉ ላይ ይግባ።»

እትዬ አሰፋች ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ፊት ቀደሙ። ጎርፉ የሚገባበትን፣ እንቁራሪት የሚፈለፈልበትን እያሳዩ ዞሩ፤ ለሊሴ ትጽፋለች፣ እኔ እከተላለሁ። ከአንድ የኮሶ ዛፍ ሥር በድርቅ እንኳ የማትነጥፍ ምንጭ አለች፤ የፋሲካውን ቄጠማ የሚያጭዱት ከእሷ ዳር ነው። እዚያ ስንደርስ አንገታቸውን ሳያዞሩ አለፉ።

«እዚያ ዛፉ ጋስ?» አለች ለሊሴ።

«እሾህ ነው።»

ለሊሴ ወደ እኔ ዞረች።

«እሾህ ነው» አልኩ።