አዋላጇ ብስክሌት ስታስገጥም

የላይኛው ሰፈር ልጆች አብዛኞቹ የተወለዱት በእሷ እጅ ነው። ስሟን የሚጠራ የለም፤ ትልቁም ትንሹም «እትዬ አዋላጅ» ነው የሚላት። ከታች ካለው ጤና ጣቢያ እየተነሳች ያን ጠመዝማዛ ዳገት ስትወጣ ስትወርድ ኖራ፣ በቅርቡ ጉልበቷ አሻፈረኝ አለ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣትና «ካርድ ክፍል ቁጭ ብለው ቢሠሩስ? ትንሽ ያርፋሉ» አላት። አመስግና ወጣች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን እንባዋ መጣ። ካርድ ክፍል ማለት ለእሷ የአራስ ልጅ ለቅሶ በግድግዳ በኩል መስማት ማለት ነበር።

ታናሽ እህቷ ይህን በስልክ ስትሰማ ነገር አላበዛችም። ከምትኖርበት ከተማ ዳገት የሚያቀል ማርሽ ያለው የተራራ ብስክሌት በካርቶን አሽጋ በአውቶቡስ ላከችላት። «ልጅ እያለን የሰው ብስክሌት እየሰረቅሽ ስትነጂ አልነበር? እስቲ አሁን ደግሞ የራስሽን ንጂ» አለቻት።

ችግሩ፣ ካርቶኑ ሲደርስ ባሏ ቤት ነበር። ባሏ አናጢ ነው፣ ያውም ጥሩ አናጢ። ግን እንጨት ስለታዘዘለት ሌላውም ነገር ሁሉ የሚታዘዝለት ይመስለዋል። የግድግዳ ሰዓታቸውን የጠገነው እሱ ነው፤ ሰዓቱ ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለም፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ ባትሪውን ይወቅሳል። «እኔ እያለሁ ለሌላ ሰው?» አለና መፍቻውን ይዞ ጓሮ ገባ። ወደ ማታ ላይ ብስክሌቱ፣ ኮርቻው ትንሽ ወደ ሰማይ ቢያንጋጥጥም፣ በሁለት ጎማው ቆመ። «ፍሬኑ ሲጥጥ ይል ነበር፤ ጸጥ አሰኝቼዋለሁ» አላት ደረቱን ነፍቶ።

እዚያው ጓሮ ወጣችበት። ፍሬኑን ብትጨብጠው ብስክሌቱ መች ሰምቷት፤ በተሰጣው አንሶላ መሀል ይዟት አልፎ አጥሩ ላይ ለጠፋት። በአንሶላው እንደተጠቀለለች ተነስታ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ሳቁ ሲያባራ ግን ያ ቁልቁለት ትዝ አላት። መንገዱ ግርጌው ላይ ድንገት ታጥፎ ጠባብ ድልድይ ላይ ያወጣል፤ ፍሬን የማይዝ ብስክሌት ደግሞ እዚያ ከደረሰ ወንዝ ነው። ይህ ካልተስተካከለ ካርድ ክፍል መግባቷ አይቀርም።

በማግስቱ «ጎማውን ላስነፋ» ብላ ብስክሌቱን እየገፋች ወጣች። ውሸቷን ነው። ከሥሩ ፈትቶ እንደ አዲስ የሚገጥምላት፣ የሚታመን ሰው ልትፈልግ ነው የወጣችው። በምን ታውቀዋለች? ስለ ብስክሌት የምታውቀው መንዳቱን ብቻ ነው። ሙያተኛን የምትመዝንበት ግን አንድ የራሷ ሚዛን አላት፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እጁን የታጠበ ይታመናል። ተለማማጅ ነርሶቿንም የምትለየው በዚሁ ነው። ብስክሌት ሠሪ ደግሞ፣ እስቲ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሥራ ሲጨርስ እንጂ ሲጀምር ይታጠባል?

ገበያው ዳር ያለው ሠሪ ስልክ እያወራ ነበር። ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «እዚያ ያስደግፉት፣ ነገ ይደርሳል» አላት።

«ምን እንደሆነ ሳታየው?»

«ብስክሌት አይደል እንዴ?»

እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ነበር። እግዜር ይስጥልኝ ብላው ገፋች።

ቀጥሎ ያገኘችው ምላሱ ማር የሆነ ነው። በየቃሉ «እናቴ» እያለ ብስክሌቱን ዞረው፣ ደባበሰው፣ ዓይኑ ጎማዎቹ ላይ ሲደርስ እዚያው ቀረ። «ይሄ ጎማ ለእርስዎ ይከብዳል እናቴ። ቀለል ባለ እቀይርልዎታለሁ፣ ያውም በነፃ።»

«እኔ በዚህ ሁሉ ዘመን የሰው ልጅ ቀይሬ አላውቅም» አለችው። «አንተም ጎማዬን አትቀይርብኝ።»

ደክሟት ልትመለስ ስትል ከጫማ ሰፊው ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል አየች። ውስጥ ያለውን ጎልማሳ ሰፈሩ «ቀስ በቀስ» ይለዋል፤ አጣድፎት የተሳካለት ሰው የለም። «ማን ነው የሚነዳው? በየት በኩል?» ብሎ ጠየቃት። ነገረችው። ሰምቶ ሲጨርስ ባልዲ ሳበና እጁን በሳሙና ይታጠብ ጀመር፣ በጣቶቹ መሀል፣ በጥፍሮቹ ሥር። አዋላጇ በርጩማው ላይ ዘፍ አለች።

«ምነው ሳትጀምር ታጠብክ?»

«ፍሬን በቅባት እጅ አይነካም እትዬ። ቅባት ካገኘው አይዝም።»

ደስ ብሏት ብቻዋን ሳቀች። እሱ ግን የፊተኛውን ጎማ አውጥቶ፣ ፍሬኑ የሚይዘውን ክብ ብረት በጣቱ ነካና አሸተተው። «ዘይት ተቀብቷል» አላት።

ማን እንደቀባው ለማወቅ ማሰብም አላስፈለጋትም፤ የበሩም ማጠፊያ፣ የመስኮቱም፣ የአልጋውም ሲጥጥ ካለ ባሏ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው። «የፋብሪካው ይሆናል» አለች።

«ፋብሪካ በምግብ ዘይት አይሠራም እትዬ። ይሄ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።»

ከዚያ በላይ አልጠየቃትም፤ በዚህም ወደደችው። ዘይት የጠጣውን የፍሬን ሸራ ጥሎ አዲስ አስገባ፤ ብረቱን በአልኮል ጠረገው፤ የቀረውን ሁሉ በየቡሎኑ ፈትቶ ገጠመ። ኮርቻውም ወደ ምድር ተመለሰ። ልትወስደው እጇን ስትዘረጋ ግን ከለከላት። «ጠዋት ዳገቱ አናት ላይ ይምጡ። እኔ ራሴ ሳልወርድበት ለባለቤቱ አልሰጥም።»

ቤት ገብታ ምሳ ላይ ፍሬኑ ላይ የተገኘውን ዘይትም የጠዋቱንም ቀጠሮ ለባሏ ነገረችው። ሊጎርስ ያነሳውን ወደ ሰሐኑ መለሰው።

«ማን ቀባው አለ?»

«አልጠየቀም።»

ባሏ ሰሐኑን ገፋ አድርጎ ጓሮ ወጣ። የመጋዝ ድምፅ ግን አልተሰማም።

ጠዋት «ቀስ በቀስ» ስሙን ጥሎ በዚያ ቁልቁለት ተወረወረ። መታጠፊያው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና ላቡን እየጠረገ ብስክሌቱን ገፍቶ አመጣላት። «አሁን የእርስዎ ነው» አላት።

ወጣችበት። ገና ጥቂት እንደወረደች ግን ታች፣ ከድልድዩ ፊት፣ መንገዱ መሀል ላይ ባሏ ቆሞ አየችው። እግሩን አንፈራጥጦ ክንዶቹን ዘርግቷል።

«ዞር በል አንተ ሰውዬ» ብላ ጮኸች። ንቅንቅ አላለም።

ነፋሱ ነጠላዋን ከትከሻዋ ወሰደው፤ ግድ አልሰጣትም። ፈርታለች፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ደስታው ይብስ ነበር። መታጠፊያው ሲቀርብ ሁለቱንም ፍሬን ጨበጠች። ያዘ። ብስክሌቱ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ መጥቶ ከባሏ ጫማ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ባሏ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

«ዘይቱን የቀባሁት እኔ ነኝ» አለ ሳይገልጥ።

«አውቃለሁ። ፍሬኑ ባይዝ ኖሮስ፣ እዚህ ቆመህ ምን ልታደርግ ነበር?»

ዓይኑን ገለጠና አያት። ክንዶቹ ገና እንደተዘረጉ ነበሩ።

«እይዝሽ ነበር» አላት።