ካርታ ላይ ብቻ ያለው የገለጉ መንገድ

ዛሬ የራሴን ካርታ ከግድግዳ ላይ ገንጥዬ አወረድኩት።

ገንዳ ውኃ ከተማ የካርታ ሥራ ሥልጠና ላይ ነኝ። የመጨረሻ ሥራዬ ለአምቡላንስ ሾፌሮች የሚሆን የመንገድ ካርታ ነበር። ወደ ገለጉ የሚወስደውን፣ ክረምት ሲገባ ጭቃ የሚውጠውን መንገድ በተቆራረጠ ቀይ መስመር አሳየሁት።

ጠዋት ስገባ ቀዩ የለም። አስተባባሪያችን ፋይሌን ከፍተው፣ ከአስፋልቱ ጋር አንድ ዓይነት ጥቁር አድርገው አሳትመው ግድግዳው ላይ ሰቅለውታል።

“እንግዶች ይመጣሉ፤ ቀዩ ካርታውን አበላሸው” አሉኝ።

“ባለፈው ክረምት እህቴ ምጥ ይዟት አምቡላንሱ እዚህ መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ልጇን አጣች። ሾፌሩ ለአገሩ አዲስ ስለነበር ካርታ አምኖ ነው የገባበት” አልኳቸው።

“እሱ ሌላ ጉዳይ ነው” አሉ።

ሌላ ጉዳይ። ጌጥ ከፈለጉ መጋረጃ ይስቀሉ እንጂ።

እንግዶቹ ሲገቡ ግድግዳው ባዶ ነበር። ለምን ብለው ጠየቁ፤ እዚያው ሰው ፊት ነገርኳቸው። ከሰዓት በኋላ ካርታው ከነቀይ መስመሩ እንደገና ታተመ። አስተባባሪያችን እስካሁን አላናገሩኝም።

ንዴቴ ግን አልበረደልኝም። እናንተ አካባቢስ ካርታ ላይ ብቻ ያለ መንገድ አለ? ስሙንና የሚዘጋበትን ወር ጻፉልኝ።