መምህርት ለሊሴ መጽሐፍ ይዛ የቆመችበት ቅዳሜ

ይህ ነገር የደረሰው አምና ግንቦት ላይ፣ እዚሁ መቱ፣ ሰፈራችን ባለችው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ብዙ ነገር አይቻለሁ። ከጣራ ወድቄ ጎኔን ተሰብሬአለሁ፣ ሚስቴን ቀብሬአለሁ። እንደዚያ ቀን ግን ክው ብዬ አላውቅም። የምጽፈውም ለዚህ ነው። ፊደሉን የቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ ጽጌ አርማልኛለች፤ ነገሩን ግን እንዳትነካካው ብያታለሁ።

እኔ አናጢ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። እስከ ዛሬ ጣቴን መስመሩ ላይ ካላሳረፍኩ ማንበብ አልችልም። አንድ ልብ ወለድ ሁለት ወር ይፈጅብኛል። አንዴ ከጨረስኩት ግን አልረሳውም፣ ዝምም አልልም። ላገኘሁት ሰው ሁሉ «ይህን ሳታነብ እንዳትሞት» እላለሁ። እምቢ ሲሉኝ አልወድም። ከሁሩሙ ማር ሊሸጥ የመጣ ዘመዴን እንኳ አንዱን መጽሐፍ በግድ አስይዤ ሰድጄዋለሁ። ሲመልሰው ማር ነክቶት ነበርና ጽጌ ሳምንት ሙሉ አኩርፋኝ ከረመች።

ለሊሴ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ናት። ከሥራ ስትወጣ ቤተ መጻሕፍት መጥታ የተማሪዎቿን ደብተር ታርማለች። አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው። አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ አልኩና «ልብ ወለድ አታነቢም እንዴ?» አልኳት።

«ጊዜ የለኝም ጋሼ» አለች።

«ለመብላትስ ጊዜ አለሽ?» ብዬ፣ ሁለት ወንድማማቾች በአንዲት ምንጭ የሚጣሉበትን መጽሐፍ እጇ ላይ አስቀመጥኩ።

በሳምንቱ መለሰችው። «በጣም ጥሩ ነው ጋሼ» አለች። «እናትየዋ ምንጩ ዳር ቁጭ ብላ ያለችውስ?» ስላት ፈገግ አለች። እኔም እናትየዋ ያለችውን ከነለቅሶው ነገርኳት። እንዲህ እየሆነ በሰባት ወር ውስጥ አራት መጽሐፍ ወሰደች፣ አራቱንም መለሰች።

ቤተ መጻሕፍታችን አንድ ልማድ አላት። በየወሩ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አንባቢዎች እንሰበሰባለን። ተራው የደረሰ ሰው ቆሞ የወደደውን ልብ ወለድ ለሌላው ይጠቁማል። መጀመሪያ ግን ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ማንበብ አለበት። ሳያነቡ ወሬ ብቻ ይዘው የሚመጡ ሲበዙብን ያን ደንብ ያስወጣሁት እኔ ነኝ።

የዚያን ወር የለሊሴን ስም አስመዘገብኩ። እሷን አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት እምቢ እንደምትል አውቃለሁ፤ ዓይነ አፋር ነበር የምትመስለኝ። «ቅዳሜ እንዳትቀሪ» ብቻ አልኳት። መጣች። የራሷ ተማሪዎችም ስድስት ሰባት ሆነው የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል።

ጽጌ ስሟን ስትጠራ ለሊሴ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ተነሺ!» አልኩና የምንጩን መጽሐፍ ሰጠኋት። የእናትየዋን ገጽ በክር ምልክት አድርጌበታለሁ።

ተነሳች። ገጹን ገለጠችው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሰው ይጠብቃል፣ እሷ ገጹን ታያለች።

«ምነው፣ ዝናቡ እስኪያባራ ነው?» አልኩ። ሰው ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይቅርብኝ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አይቀርም! እኔ መጋዝ ስጎትት የኖርኩት የማነበውን፣ አንቺ ባለ ዲግሪዋ ልታፍሪበት ነው?»

«አይዞሽ ቲቸር!» አሉ ከኋላ ተማሪዎቿ።

መጽሐፉን ዘጋችው።

«ይህን ፊደል ማንበብ አልችልም» አለች። «ያደግሁት ኡካ አጠገብ፣ ገጠር ነው። የተማርኩት በላቲኑ፣ በቁቤ ነው። ትምህርት ቤታችን የአማርኛ መምህር ይመጣል ሲባል ይቀራል፣ የመጣውም አይቆይም ነበር። አማርኛን በአፌ የለመድኩት መቱ ከገባሁ ወዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ጥቂት ፊደል እለያለሁ፤ ገጽ ማንበብ ግን አልችልም።»

እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

«አራቱን መጽሐፍስ?» የሚል ከአፌ አመለጠኝ። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር።

«የነገሩኝ እርስዎ ነዎት ጋሼ» አለች። «ትልቅ ሰው የሰጠኝን አልፈልግም ማለት ከብዶኝ ወሰድኩ። ስመልሰው ደግሞ ሳልጠይቅዎት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርኩልኛል።»

ሰባት ወር! ሰባት ወር ሙሉ ስለ ልብ ወለድ ስንጫወት እሷ «ጥሩ ነው» ከማለት በቀር አንዲት ቃል እንዳልተነፈሰች ያን ጊዜ ነው የታወሰኝ። ለካ ጫወታው የእኔ ብቻ ኖሯል።

ተማሪዎቿ አንገታቸውን ደፉ። አንደኛዋ አፏን በእጇ ያዘች፤ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አላወቅሁም። ለሊሴ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ጃንጥላዋን ሳታነሳ ዝናቡ ውስጥ ገባች።

ጽጌ ቀና ብላ አየችኝና «አሁን ደስ አለዎት ጋሼ?» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ሁለት ቀን ተናድጄ ነበር የከረምኩት። «ዲግሪ ይዞ ይህን አለማወቅ ምን ይሉታል!» እያልኩ ከራሴ ጋር ስከራከር ነበር። በሦስተኛው ቀን ቤተ መጻሕፍት ሄጄ በስተግራ ያለው መደርደሪያ ፊት ቆምኩ። የኦሮምኛ መጻሕፍት ያሉት እዚያ ነው። መደርደሪያውን በእጄ የቸነከርኩት እኔ ነኝ፤ አንድም መጽሐፍ ግን አንስቼበት አላውቅም። ኦሮምኛ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ አማርኛው የምናገረው ነው። የሚስቴም ዘመዶች፣ ጎረቤቶቼም የሚያወሩኝ በዚያ ነው። አንዱን ገለጥኩት። አንድ ፊደል እንኳ አልለየሁም።

ጃንጥላዋን ይዤ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። በር ላይ አገኘኋትና «ይቅር በይኝ፣ አጥፍቻለሁ» አልኳት። እኔ እንዲህ ያለ ቃል ለሰው ተናግሬ አላውቅም።

«እርስዎን አልተቀየምኩም ጋሼ» አለችኝ። «ግን ሰኞ ክፍል ስገባ አንዱ ተማሪ ሰሌዳው ላይ ሀ ሁ ሂ ሃ ጽፎ ጠበቀኝ።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«አጠፋሁትና አስተማርኩ።»

ጃንጥላዋን ሰጥቻት በእግሬ ተመለስኩ።

ክረምቱን ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ዝር አላለችም። መስከረም ላይ አንድ ከሰዓት መጣች። ቀጥታ ወደ እኔ ጠረጴዛ አምርታ በቁቤ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ፊቴ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንድ ልብ ወለድ ልጠቁምዎት» አለች።

«ስለ ምንድን ነው?» አልኳት።

«አልነግርዎትም። ያንብቡት።»

ትቀልድ ትቆጣ ፊቷ አልነገረኝም። ሄዳ ማዶ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ አለችና ደብተሯን ዘረጋች።

ጽጌ የቁቤውን ፊደል ከነአማርኛ ድምፁ በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ወረቀቱን እያየሁ ፊደል በፊደል ስገጣጥም፣ ስቀጥል፣ የመጀመሪያዋ ቃል «ማና» ሆና ወጣች። ቤት ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በአፌ የኖረች ቃል ናት፤ ወረቀት ላይ ሳገኛት ሰውነቴን ነዘረኝ። እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ገጽ ደርሻለሁ። ባለታሪኩ ገና ከቤቱ አልወጣም።

ለሊሴ ትመጣለች፣ «እንደምን ዋሉ ጋሼ» ትላለች፣ ማዶ ተቀምጣ ታርማለች። መጽሐፉ የት ደረሰ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም አሁን ለሰው መጽሐፍ ከማስያዜ በፊት «በየትኛው ፊደል ነው የምታነበው?» እላለሁ፤ የሚስቁብኝ አሉ፣ ይሳቁ። ድንጋጤው ግን አለቀቀኝም። ያች ልጅ በጠዋት ክፍል ገብታ፣ ተማሪዎቿ እያዩአት ያን ሰሌዳ ስታጠፋ ይታየኛል። ያን ጊዜ ቀና ብዬ ወደ ማዶ ማየት ያቅተኛል።